በዳይሬክተሩ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ለሚሠራው የሕዝብ ድረ ገጽ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የመረጃና የሕዝብ ግንኙነት ዳይሬክተር
የዓይን ሕክምና ማዕከል፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ምንጣፍ የተነጠፈበት ቢሮ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ጤና፣ እንዲሁም ለቢሮዎ ኮምፒውተር ጤና ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። የመጨረሻውን ለቀልድ ያልኩት እንዳይመስልዎ። ያ ኮምፒውተር አንድ ቀን ቢታመም፣ ወይም የጽዳት ሠራተኛዋ ወለል ስትወለውል ሶኬቱን ብትነቅለው፣ የማዕከሉ ድረ ገጽ በትክክል የሚታይበት ብቸኛ ቦታ ይጠፋልና ዕድሜ ይስጠው ብዬ ከልቤ እመርቀዋለሁ።

እኔን ምናልባት ረስተውኝ ይሆናል። ድረ ገጹን የሠራሁት ሴት ነኝ፤ "ያቺ የኮምፒውተር ልጅ" ይሉኝ ነበር። ዛሬ የምጽፍልዎ ግን እንደ ባለሙያ ሳይሆን እንደ ልጅ ነው። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ቀኝ ዓይኑን ግላኮማ ከወሰደበት ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ግራው በዚሁ በሽታ ከዳር ዳር እየጠበበ ስለመጣ ከማዕከላችሁ ለቀዶ ሕክምና ተመዝግቦ ተራውን ይጠብቅ ነበር። ተራው ደረሰ። ሁለት ጊዜ ተጠራ። ሁለቱንም ጊዜ አልቀረበም፤ ምክንያቱም መጠራቱን ከእርስዎ ኮምፒውተር በቀር ያወቀ የለም። ሁለት ጊዜ ተጠርቶ የቀረ ደግሞ በደንባችሁ መሠረት ወደ ወረፋው መጨረሻ ይሄዳል፤ አዲሱ ተራው ከሰባት ወር በኋላ ነው። ሐኪሙ በጽሑፍ ያረጋገጡት ግን ዓይኑ ከሳምንታት በላይ እንደማይጠብቅ፣ ግላኮማ አንዴ የወሰደውንም እንደማይመልስ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ብቻ ነው፤ የአባቴ ተራ በዚህ ሳምንት ይመለስለት። የቀረው ሁሉ ምስጋና ነው። ዳይሬክቶሬትዎ ቁጥር የሌለው ደብዳቤ እንደማይቀበል ስለማውቅ ምስጋናዬንም በቁጥር አድርጌዋለሁ።

አንደኛ፤ ለአንድነት ስላለዎት ፍቅር አመሰግናለሁ።

ይህ ደብዳቤ ግልጽ ደብዳቤ እንደመሆኑ መጠን ሌላውም አንባቢ እንዲከተለኝ ጥቂት ላብራራ። ተራቸው የደረሰ ታካሚዎች በየሳምንቱ የሚጠሩበት የማዕከሉ ድረ ገጽ የሚያስብም የሚያሰላም ነገር አይደለም። ተጽፈው ያለቁ ገጾች ናቸው፤ ተሠርተው ይቀመጣሉ፣ የከፈተ ሁሉ ያንኑ ያያል። ከዚህ የቀለለ ድረ ገጽ የለም። የሚያስፈልገው አንድ ነገር ቢኖር የተቀመጠበትን ቤት ማወቅ ነው። እኔ ስሠራው ቤቱ የኔ ላፕቶፕ ነው፤ እርስዎ ሲገመግሙት ቤቱ የእርስዎ ኮምፒውተር ነው፤ ሕዝቡ ሲከፍተው ደግሞ ቤቱ የተከራያችሁት ሰርቨር ነው። አድራሻቸው ስለሚለያይ ለሦስቱ ቤቶች ሦስት ትንንሽ የቅንብር ፋይሎች ጻፍኩ። አንዳቸውም ሃያ መስመር አይሞሉም።

እርስዎ ሦስት ፋይል ሲያዩ ግን ፊትዎ ጠቆረ። "ለአንድ መሥሪያ ቤት ሦስት አድራሻ? ነገ ኦዲተር ቢመጣ ምን ልንለው ነው?" አሉ። ወዲያው አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ከአምስቱ አንዷ የመጋዘን ኃላፊ፣ አንዱ የመኪና ስምሪት ሠራተኛ ነበሩ፤ የቀሩትን ሦስቱን ሥራቸው ምን እንደሆነ እስከዛሬ የነገረኝ የለም። ኮሚቴው ሁለት ቀን ሙሉ ተሰብስቦ "የተበታተኑትን ቅንብሮች ወደ አንድ ማምጣት" የሚል ውሳኔ አሳለፈ። ከሦስቱ የትኛው ይመረጥ ሲባል የመጋዘን ኃላፊዋ "ዳይሬክተሩ በዓይናቸው አይተው ያጸደቁት ይሁን" አሉ። ይህን ማን ደፍሮ ይቃወማል?

እርስዎ በዓይንዎ ያዩት ግን የሙከራውን፣ ማለትም ለእርስዎ ኮምፒውተር ብቻ የጻፍኩትን ነበር። የሙከራው ቅንብር ባጭሩ የሚለው "የምትፈልገው ሁሉ እዚሁ፣ አሁን ያለህበት ማሽን ውስጥ ነው" የሚል ነው። በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ ይህ እውነት ነው፤ መዝጋቢዋ በየሰኞው ለሕክምና የተጠሩትን ታካሚዎች ዝርዝር የምታስቀምጠው እሱ ላይ ነውና። ገጹ በአባቴ ስልክ ላይ ሲከፈት ግን ስልኩ ዝርዝሩን የሚፈልገው ከራሱ ሆድ ውስጥ ነው። ምስኪን ስልክ ከየት ያምጣው? ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ሁለተኛ፤ "እኛ ጋ ይሠራል" ስለሚለው ምላሽዎ አመሰግናለሁ።

ገጹ በወጣ በሳምንቱ ሰዎች ደውለው ዝርዝሩን መክፈት ያለበት ቁልፍ ሲነካ ምንም እንደማይከፍት ተናገሩ። እርስዎም ጉዳዩን በቸልታ አላለፉትም። ሦስት የሥራ ኃላፊዎችን ወደ ቢሮዎ ጠርተው፣ በእርስዎ ወንበር፣ በእርስዎ ኮምፒውተር ፊት በየተራ አስቀምጠው ገጹን አስከፈቷቸው። ተከፈተ። ቃለ ጉባኤ ተያዘ፤ ሦስቱም ፈረሙ፤ ማኅተም ተመታ። ከዚያ በኋላ ለደወለ ሁሉ የሚሰጠው መልስ "ችግሩ ከእርስዎ ስልክ ነው፤ የእኛ በማኅተም የተረጋገጠ ነው" የሚል ሆነ። አንዲት እናት የልጃቸውን ስልክ፣ የጎረቤታቸውን ስልክ፣ በመጨረሻም የመድኃኒት ቤቱን ኮምፒውተር ሞክረው አልሆን ሲላቸው፣ አዲስ ስልክ እንዲገዙ የመከራቸው የእርስዎ ክፍል ባልደረባ ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ በሩ ጥበቃ።

ድረ ገጹ ከመምጣቱ በፊት የሳምንቱ ዝርዝር ከዋናው በር ጎን በመስታወት ሰሌዳ ውስጥ በወረቀት ይለጠፍ ነበር። ወደ ዓይን ሕክምና የሚመጣ ሰው ደግሞ፣ መቼም አይፈርዱብኝም፣ ብዙውን ጊዜ ጥቃቅን ፊደል ማንበብ ያቅተዋል። ስለዚህ ታካሚዎቹ "ጋሼ ማይክ" የሚሏቸው ሽማግሌ ጥበቃ በየሰኞው ጠዋት ከሰሌዳው ፊት ቆመው ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ጮክ ብለው ያነቡ ነበር። ሁለት ጊዜ ይደግሙታል፤ ከኋላ ያልሰማ ካለም ሦስተኛ። ማንም አላዘዛቸውም። በእርሳቸው ዘመን ተጠርቶ ያልሰማ ሰው ስለመኖሩ ሰምቼ አላውቅም።

እርስዎ ሰሌዳውን ከዘመናዊነት ጋር አይሄድም ብለው አስነሡት። ጋሼ ማይክ "ታዲያ ሰዉ ምን ሊሆን ነው?" ብለው ስለጠየቁ፣ ከሥራ ድርሻቸው ውጭ የሕክምና መረጃ በማሰራጨት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። የሠላሳ ዓመት አገልግሎት ያላቸው ሰው ማስጠንቀቂያውን በአራት አጥፈው ኮት ኪሳቸው ውስጥ ይዘውት ይዞራሉ፤ እስቲ እዪልኝ ብለውም አሳይተውኛል። በላዩ ላይ ያለው ፊርማ በጣም ያምራል፤ ክቡርነትዎ የጽሕፈት ሰው ነዎት።

አራተኛ፤ ይህኛው ይከብደኛል፤ ስለሆነም ሳላስጌጥ እነግርዎታለሁ።

ሙከራ ላይ ሳለን የመጀመሪያው ገጽ ባዶ እንዳይመስል እኔው የፈጠርኳቸውን ዘጠኝ የካርድ ቁጥሮች በሠንጠረዥ አስገብቼ ነበር። ከሥራቸው "ሙሉ ዝርዝሩን ክፈት" የሚል ቁልፍ አለ። እውነተኛው ዝርዝር ያለው ከዚያ ቁልፍ ጀርባ ነው። የሕዝቡ ቅንብር ዘጠኙን የፈጠራ ቁጥሮች አውጥቶ እውነተኛውን እንዲያስገባ ተጽፎ ነበር፤ እሱን ኮሚቴው ሰረዘው። ስለዚህ በየሰኞው መዝጋቢዋ ገጹን ስታድስ ከላይ የዕለቱ ቀን ይቀየራል፤ ከሥሩ የኔ ዘጠኝ ውሸቶች እንደነበሩ ይቀመጣሉ።

ታናሽ እህቴ በየሰኞው ጠዋት ከአባታችን ጎን፣ ከደረጃ ሥር ባለችው የስፌት ቤቱ ውስጥ ተቀምጣ ገጹን ትከፍትለታለች። ቀኑ የዛሬ ነው፤ ቁጥሮቹ ተደርድረዋል፤ ቁልፉን ብትነካው ዝም ይላል፤ ስለዚህ ያለው ዘጠኙ ብቻ ነው ብላ ታምናለች። "የለህበትም አባዬ" ትለዋለች። እሱም "ይሁን፣ ከኔ የባሰበት ይቅደም" ብሎ ወደ ስፌት መኪናው ይመለሳል። አምስት ሰኞ እንዲሁ አለፈ። በስድስተኛው እህቴ ታማ እኔ ሄድኩና ገጹን ከፈትኩት። የራሴን ዘጠኝ ቁጥሮች ከዕለቱ ቀን ሥር ተደርድረው አገኘኋቸው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለኔ ነው የተተረተው።

በማግስቱ አባቴን ይዤ መዝገብ ቤት ቀረብን። መዝጋቢዋ ደብተሯን ገልጣ "ሁለቴ ተጠርተው ቀርተዋል አባባ" አለችው። እሱ ምን እንዳለ ያውቃሉ? ባርኔጣውን አውልቆ "ጥፋቱ የኔ ነው ልጄ፣ አስቸገርኳችሁ" አላት። ዕድሜውን ሙሉ በቀጠሮው ቀን ልብስ ሳያስረክብ ቀርቶ የማያውቅ ሰው፣ ቀጠሮ ቀረህ ተብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ያን ይቅርታ ይዤልዎታለሁ ክቡር ሆይ፤ የእርስዎ ስለሆነ በፈለጉ ጊዜ መጥተው ይውሰዱት።

አምስተኛ፤ ወረፋን ስላስቀሩበት ጥበብ።

ድረ ገጹ የታሰበው ሰው በር ላይ እንዳይሰለፍ ነበር። አሁን ግን ገጹ በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ እንደሚሠራ ወሬው ተዳርሶ፣ ታካሚዎች ዝርዝሩን ለማየት በቢሮዎ ደጃፍ ይሰለፋሉ። ባለፈው ማክሰኞ በዓይኔ ያየሁት ነው፤ ውሸት ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው። ከደረጃው እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ሃያ ሰባት ሰው ቆጥሬአለሁ። ግማሹ አንድ ዓይኑ በፋሻ የታሸገ ነው፤ ግማሹ የልጁን ወይም የሚስቱን ትከሻ ይዟል። ጸሐፊዎ በትንንሽ ወረቀት ተራ ቁጥር እያደለች "ድረ ገጽ የምታዩ በግራ፣ ለፊርማ የመጣችሁ በቀኝ" ትላለች። ወይ ጉድ! ድረ ገጽ ለማየት ወረፋ የተያዘበት መሥሪያ ቤት ከዚህ ቀደም ሰምቼ አላውቅም። እርስዎ ስብሰባ ሲሄዱ ደግሞ ቢሮው ይቆለፋል፤ ድረ ገጹም አብሮ ይቆለፋል።

ስድስተኛ፤ ሲጠየቁ ስለሰጡኝ መልስ።

የኔን ዘጠኝ ቁጥሮች ካየሁበት ቀን ጀምሮ ሦስት ጊዜ ደጅዎ ጠንቻለሁ። ያሰረዛችሁት ፋይል ቅጂው እኔ ዘንድ እንዳለ፣ መልሶ ማስገባት ሻይ ታዝዞ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ እንኳ እንደማይወስድ፣ ያለ ምንም ክፍያ እንደምሠራው አስረዳሁ። በመጀመሪያው ቀን "በጽሑፍ አቅርቢ" አሉኝ። በሁለተኛው "ከውጭ ያለ ሰው ሥርዓታችንን መንካት አይችልም" አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ፈገግ ብለው "ልጄ፣ እኛ ጋ እኮ ይሠራል፤ ነይ ላሳይሽ" ብለው ኮምፒውተሩን ወደኔ አዞሩት። እዚያው፣ ከመስኮቱ ብርሃን ጋር፣ የአባቴ የካርድ ቁጥር ሁለት ጊዜ ተጠርቶ እንደቀረ የሚያሳየውን ዝርዝር በግልጽ አየሁት። ፊደሉ ደማቅ ነበር፤ ሰንጠረዡም አልተንጋደደም። ጥሩ አድርጌ ነው የሠራሁት።

እንግዲህ ከምስጋናው መካከል አንድ የራሴን ጉድ ሳልናገር ባልፍ ከእርስዎ በምን እሻላለሁ? ሥራውን ባስረከብኩ ዕለት "አንድ ቅንብር ለሁሉም በቂ መሆኑን ባለሙያዋ አረጋግጣለች" የሚል ወረቀት ቀረበልኝ። ውሸት መሆኑን አውቅ ነበር። የመልካም ሥራ አፈጻጸም ደብዳቤ የሚሰጠኝ ከፈረምኩ ብቻ እንደሆነ ተነገረኝ፤ ደክሞኝም ነበር፤ ነገ ተመልሰው ሲያስቸግራቸው ይጠሩኛል ብዬ ራሴን አታለልኩና ፈረምኩ። ያ ደብዳቤ በጥሩ ክላሰር ውስጥ ተቀምጦልኛል። እርስዎን ስጸየፍ ያን ፊርማዬን አብሬ እጸየፋለሁ፤ ልዩነታችን እኔ ሌሊት እንቅልፍ ማጣቴ ብቻ ነው።

የቀረኝ ልመናው ነው። የሐኪሙ ማስረጃ፣ የአባቴ የካርድ ቁጥር፣ የኮሚቴው ውሳኔ ቅጂና ከአገልግሎት የወጣው ፋይል ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዘዋል። የአባቴን ተራ ለመመለስ ኮሚቴ አያስፈልግም፤ አንድ ስልክ ወደ መዝገብ ቤት መደወል ይበቃል። ገጹን ለማስተካከል ደግሞ ፋይሉን መመለስ ይበቃል። ቂም ይያዙብኝ፣ ድጋሚ አይቅጠሩኝ፣ ከፈለጉ ስሜን ከሠሪዎቹ ዝርዝር ያውጡት፤ ብቻ ይህን አንድ ዓይን ይተዉለት። ከሠላሳ ስምንት ዓመት በላይ የሰው ልብስ የሰፋ ሰው ነው፤ ክር በመርፌ ለማስገባት የሚበቃ ብርሃን ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ክቡርነትዎ ሥራ በዝቶብዎት ሳለ ይህን ረጅም ደብዳቤ በትዕግሥት ስላነበቡልኝ፣ ካላነበቡትም ለሚመለከተው ስለሚመሩት፣ የሚመለከተውም ለኮሚቴ ስለሚመራው ልባዊ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ በያዙት ወንበር ያሰንብትዎ፣ ከወንበሩ ሲነሱም ሕዝቡ የሚያየው ሁሉ እንዲታይዎ ያድርግ እላለሁ።

አክባሪዎ፣ የቀድሞ "የኮምፒውተር ልጅ"፣
የልብስ ሰፊው የበኩር ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ይህን ደብዳቤ ጽፌ እንዲወጣልኝ ለጋዜጣ ሳልሰጥ አራት ቀን አለፈ። በመካከሉ አባቴ ጧት ከአልጋው ተነሥቶ መብራት ጠፍቶ እንደሆነ ጠየቀ። አልጠፋም ነበር። ይዘነው ወደ ማዕከላችሁ ሮጥን፤ ጋሼ ማይክ ማስጠንቀቂያቸውን ሳይፈሩ እጁን ይዘው ከሁሉ አስቀድመው አስገቡን። ሐኪሙ ከፊቱ ተቀምጠው "አባባ፣ ስንት ጣት ይታይዎታል?" አሉት። አባቴ ሰው ማስከፋት አይወድም፤ ትንሽ አሰበና "ሦስት" አለ። ሐኪሙ ገና እጃቸውን አላነሡም ነበር።

ስለዚህ የተራውን ልመና ትቻለሁ። ክቡርነትዎም በሩብ ዓመቱ ሪፖርትዎ ላይ "ዝርዝሩ አልታየንም" ብለው ካመለከቱት ታካሚዎች መካከል የአባቴን ቁጥር እልባት ካገኙት ጋር ሊያስገቡት ይችላሉ፤ ከእንግዲህ ባይታየው ጥፋቱ የድረ ገጹ አይደለም።